ከመዲና የመጣው ኩል

መዲና፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሱልጣን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እርስዎ እንዴት ነዎት? አክስቴ ሰዓዳስ እንዴት ናት? ጎረቤቱ፣ ሱቁ፣ ገበያው ሁሉ እንዴት ነው? ስለ እኔ ጤና አይጨነቁ፤ በየሶላቱ ስማችሁን ለአላህ እየነገርኩ ደህና ውዬ ደህና አድራለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳይሉኝ። እናንተ ዘንድ ኔትወርኩ ከተበላሸ ወዲህ «ይሰማል? ይሰማል?» ስንባባል ጊዜው ያልቃል። ባለፈው ከአክስቴ ጋር ያወራነው ስለ ዓይኗ ይሁን ስለ በጓ እስካሁን አልለየሁትም። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ሬድዋን ለዑምራ መጥቶ ሳገኘው፣ በእሱ እጅ ልጻፍላችሁ አልኩ።

የቀኝ ዓይኗ ሞራ ለቀዶ ሕክምና እንደደረሰ የነገረኝም እሱ ነው። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ሴት ናትና ጠባይዋን አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት ግራ ዓይኗን ያሳጣት ቀዶ ሕክምናው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ እያመማት ዝም ማለቷ ነው። ሐኪም ማስቸገር ነውር መስሏት ሕመሙን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች። አሁን የቀራት አንድ ነው። ለእሱ መለዋወጫ የለውም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ኩል ልኬያለሁ። ከመስጂዱ አካባቢ ነው የገዛሁት። እዚህ የማስታምማት አሮጊት በየማታው ትኳላለች፤ ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ ሩዝ ውስጥ ያለች ጠጠር ግን አታመልጣትም። አክስቴም እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ትኳል፤ ዓይኗ ጽዱ ሆኖ ይቆያት። ቀኑ ሲታወቅ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ነስሪን


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለነስሪን፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። የላክሽው ሰላምታ ከነኩሉ በደህና ደረሰን። እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ነው የበረታብን። አላህ በሰው አገር ያለሽውን ልጅ በዓይኑ ይጠብቅሽ።

ሬድዋን ምሥጢር የሚይዝ ሰው አይደለም፤ ኩሉ በደረሰ ማግስት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። መጀመሪያ የመጣችው የገዛ ሚስቱ ኢክራም ናት፣ ዓይኑ የሚያለቅስበትን ሕፃን ልጇን አዝላ። ከዚያ ሴቱ ሁሉ ተከታትሎ መጣ። «የመዲና በረካ ነው፤ እንዳትነፍጊን» ሲሏት አክስትሽ መቼ ትነፍጋለች? ወለሉ ላይ አስቀምጣ በዚያችው መኳያ በተራ ኳለቻቸው፤ መጨረሻ ላይም ራሷ ተኳለች። ከአጥር ማዶ ያለችው ጌጤ ሳትቀር መጣች። አክስትሽ «አንቺ ደግሞ ጠበልሽን ወዴት ጥለሽ?» አለቻት። ጌጤም «ጠበሉም አለ፣ ኩሉም ይኑር፤ እኔ ዓይን ላይ ሲገናኙ አይጣሉም» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጁምዓ ጁምዓ ቤታችን የሴቶች መናኸሪያ ሆኗል።

የአክስትሽ ነገር እንዳልሽው ነው። ሱቅ ውስጥ ጨርቁን በጣቷ አሽታ ይህ ጥጥ ነው፣ ይህ ፖሊስተር ነው ትላለች፤ አትሳሳትም። ደንበኛውን ግን በድምፁ ካልሆነ አትለየውም። ባለፈው መንገድ ላይ በር መስሏት አህያ ገፋች። «አህያዋም እንደ በሩ ዝም አለች፤ ጥፋቱ የእሷ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አዲሱ የዓይን ሐኪም ዶክተር ታምራት ይባላል። ወጣት ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ለጥር 13 ቀጥሮናል። «ዓይንዎን በንጽሕና ይጠብቁ» ስላላት፣ ኩልሽን እስከ ዋዜማው ድረስ እንደማታቋርጥ ነግራኛለች። ዱዓ አድርጊልን።

አጎትሽ ሱልጣን


መዲና፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሱልጣን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬን ዛሬ አላስረዝምም፤ ልቤ ሌላ ጋ ነው።

ጥር 13 አለፈ። በዚያ ቀን ጾሜ ዋልኩ። ስልክ ስደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች ሴትየዋ። ተሳካ ወይ? ታያለች ወይ? የሚያምማት ነገር አለ ወይ? ሦስቱን ብቻ ይመልሱልኝ። ኩሉስ አላለቀም? ካለቀ ሌላ አለ።

ልጅዎ ነስሪን


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለነስሪን፣

ወዐለይኩም ሰላም። ሁላችንም በያለንበት ደህና ነን፤ አንቺን ከማሰብ በቀር ምንም አልጎደለብንም። ሬድዋን፣ ኢክራም፣ ጌጤም ሰላም ይሉሻል። አክስትሽ በተለይ ሰላም ትልሻለች።

ቀዶ ሕክምናውን በተመለከተ ቀኑ ተላልፏል። የጥር አቧራ ለዓይን ቁስል አይሆንም ይባላል። መንገዱም እንደምትሰሚው ነው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። አሁን ደግሞ ረመዳን ደረሰ። ከጾሙ በኋላ አላህ ያለው ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና አትቸኩይብን።

ኩል ከእንግዲህ አትላኪ። ያለው ይበቃል፤ ለተጓዥም ሸክም ነው። ይልቅ የሚገኝ ከሆነ ትናንሽ የፊት ፎጣዎች ላኪልን። ቀለማቸው የተለያየ ቢሆን ጥሩ ነው።

ረመዳኑን የሰላም ያድርግልሽ።

አጎትሽ ሱልጣን


መዲና፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሱልጣን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒድ ሙባረክ፤ ከነቤተሰቡ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም፤ ባነበብኩት ቁጥር ግን እያነሰ መጣ። መንገዱ ተዘጋ ይሉኛል። ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ አክስቴ ለክትባት አዝላ ስትወስደኝ እንኳ አንድ ጊዜ ነበር የምታርፈው። ኩል ለተጓዥ ሸክም ነው ይላሉ። የጣት ርዝመት ያለው ብልቃጥ ማንን ያጎብጣል? ከሁሉ የከፋው ፎጣው ነው። አጎቴ፣ እርስዎ እኮ ጨርቅ ነጋዴ ነዎት። ደብረ ታቦር ለፊቱ መጥረጊያ እርስዎ ሱቅ እየመጣ፣ እርስዎ ከመዲና ፎጣ ያዛሉ?

በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የሐሙሲት ሴት አገኘሁ። በጥር መጨረሻ ለዕቃ ደብረ ታቦር ወጥታ ከእርስዎ ሱቅ ገብታ ነበር። «ሴትየዋ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሽፋኑ አብጦ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉት ነበር» አለችኝ። እርስዎ ደግሞ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለው ጻፉልኝ።

የገባኝን ልንገርዎት። ፈርተዋል። የግራው ዓይን ትዝ እያለዎት ቀኙን ለሐኪም አልሰጥም ብለዋል። ፍርሃትዎን አልንቀውም። ግን ሞራው አይጠብቅዎትም። እሷ «ይቅር» ብላ ከሆነም አይስሟት፤ የእሷ «ይቅር» ምን እንደሚያመጣ አይተናል።

ዓይኗ ከቀላ ደግሞ ኩሉ ስላለቀ ይሆናል። ስለዚህ አትላኪ ቢሉኝም ትልቁን ብልቃጥ ገዝቻለሁ፣ የበፊቱን ሦስት እጥፍ። በሐጅ መግቢያ ላይ ወደ አዲስ አበባ የምትመለስ ሴት አለች፤ በእሷ እልካለሁ። ጠዋትና ማታ ትኳል።

ልጅዎ ነስሪን


ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለነስሪን፣

ወዐለይኩም ሰላም። ይህ ደብዳቤ ከትልቁ ብልቃጥ መቅደም ስላለበት፣ ቀድመው ለሐጅ በሚነሡት ሰዎች እጅ እያጣደፍኩ ሰጠሁት። ኩሉን አትላኪ። በሰው እጅ ከሆነም አስመልሺ። አሁን ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

ጥር 13 ጠዋት አክስትሽ አዲስ ሻሿን አስራ፣ እኔም ሱቁን ዘግቼ ሄድን። አልፈራሁም ነበር፤ በዚህስ ተሳስተሻል። ዋዜማውን በደንብ ተኩላ ነበር ያደረችው። ጠዋት ላይ የውጭውን ጥቁረት በውሃ አጥባ አስለቀቀችው፤ ሐኪም ቤት ተኩሎ መሄድ ለዕድሜዋ አይመጥንም ብላ። ነርሷ ሲስተር ፍቅርተ «እማማ፣ ዓይንዎ ውስጥ ያደረጉት ነገር አለ? መድኃኒት፣ ቅጠል፣ ጠበል?» ብላ ጠየቀቻት። አክስትሽ «ምንም» አለች። እኔም ከጎኗ ሆኜ «ምንም» አልኩ። እውነቴን ነው፣ መዋሸታችን አልመሰለንም። ኩል እኛ ቤት ዓይን ውስጥ የሚደረግ ነገር ተብሎ አይታሰብም፤ ፊት እንደ መታጠብ ነው።

ዶክተር ታምራት የታችኛውን ሽፋን ገለበጥ አድርጎ በጥጥ ጠረገና ጥጡን ወደ መብራቱ አስጠጋው። ጥቁር ነበር፤ ከጥቁሩ ጋር ቢጫ ነገር አለው።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የመዲና ኩል ነው» አለች፣ ኮራ ብላ።

«ብቻዎን ነው የሚኳሉበት?»

«ምን ማለትህ ነው? በረካ ብቻ ይበላል እንዴ?» አለችና ስም መጥራት ጀመረች። ኢክራምን፣ ሕፃኑን፣ የሰፈሩን ሴት አንድ በአንድ። ጌጤ ላይ ስትደርስ ሲስተር ፍቅርተ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዶክተሩ ግን አልሳቀም። ጓንቱን አወለቀና «ዛሬ አልነካቸውም» አለ።

ከዚያ ወንበር ስቦ ከፊታችን ተቀመጠ። «ባክቴሪያ በእኔም ሽፋሽፍት ላይ አለ፣ በእናንተም አለ፤ ሲወለድ ጀምሮ የሌለው ሰው የለም» አለን። «ውጭ እስካለ እንባ ያጥበዋል፣ ብዙም አይጎዳም። እኔ ሞራውን ለማውጣት ዓይኑን ስከፍት ግን በር ከፈትኩለት ማለት ነው። ውስጥ ከገባ የሚያጥበው የለም። በሁለት በሦስት ቀን ዓይኑን ያጠፋዋል።»

እኔ የገበያ ሰው ስለሆንኩ በገበያ ተረዳሁት። በገበያ ቀን ሱቃችን ፊት ስንት ሰው ይተራመሳል፤ ማንንም ሌባ ብለን አንይዝም፤ እያየነው ምን ያደርገናል? ማታ ስንቆልፍ አንዱ ከጨርቁ ጣቃ ጀርባ ተሸሽጎ ከውስጥ ቢቀር ግን ጠዋት የሚጠብቀን ባዶ መደርደሪያ ነው።

«ኩሉ ነው ማለት ነው?» አልኩት።

«ከኩሉ ይልቅ መኳያው ነው። ከዓይን ዓይን ሲዞር የአንዱን ለሌላው ያደርሳል። የእማማ የሽፋን ጫፍ ተቆጥቷል፣ መግልም ይዟል። ለሚከፈት ዓይን ግን ንጹሕ የሚባለውም ኩል ቢሆን አልፈልገውም።»

ይህን እንዳልጽፍልሽ የከለከለችኝ አክስትሽ ናት። ገና ከግቢው ሳንወጣ ክንዴን ያዘችና «ለነስሪን አትነግራትም» አለች። «ልጅቷ በሰው አገር የሰው እናት እያገላበጠች፣ ከራሷ ቀንሳ የላከችው ነው። ዓይኔን እንዳሳመመችኝ ከምትሰማ እኔ ልታመም።» እኔም እሺ አልኩ። ስጦታን መንቀፍ ከበደኝ። አቧራውንም መንገዱንም ያመጣሁት ለዚህ ነው። ፎጣው ደግሞ፣ እውነትሽን ነው፣ ሱቁ ሞልቷል። ሐኪሙ ለየሰዉ የየራሱ ፎጣ ይኑረው ሲል፣ የእሷ እንኳ ከአንቺ እጅ የመጣ ቢሆን ብዬ ነው። ኩልሽን ከልክዬ እጅሽን ባዶ መተው አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ የሽፋኗን ጫፍ እጠርግላታለሁ፤ ጠብታም አለ። ረመዳን ሲገባ «ጠብታው ጾም ያስገድፋል» አለች። ኢማሙ አያስገድፍም ቢሏትም «እሳቸው ዓይናቸው ደህና ነው፤ ምን ቸገራቸው» ብላ ቀን ቀን ተወችው። ስለዚህ ዘገየ። የኢክራምን ሕፃን ለሬድዋን ለብቻው ነግሬው ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ድኗል፤ ሬድዋንም ለአንድ ጊዜ ምሥጢር ያዘ። ሴቶቹ አሁንም ጁምዓ ሲሆን በሩን ያንኳኳሉ። አክስትሽ «አልቋል» ትላቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ አየና «አሁን ጸድቷል» አለ። ቀጠሮው ሰኔ 5 ነው።

እንዳልነግርሽ ቃል አስገብታኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ጓዳ ናት፤ አታውቅም።

አጎትሽ ሱልጣን


መዲና፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለሱልጣን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ትልቁን ብልቃጥ ሴትየዋ ሻንጣዋን ሳትዘጋ ደርሼ አስመልሻለሁ።

መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ሳላውቅ። በኋላ ሳስበው ስለ ኩሉ አልነበረም። ኩሉን እኔም እንደ እናንተው ነው የማውቀው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። የተቆጣሁት ሌላ ነው። በእርስዎም በእሷም ተቆጥቻለሁ፤ ታናሽ ሆኜ ይህን መጻፍ አይገባኝም፣ ግን ጻፍኩት። እኔ እንዳላዝን ብላችሁ ከዓይኗ ስጦታዬን አስበለጣችሁት። ትልቁ ብልቃጥ ደርሶ ቢሆንስ? እንግዲህ እንዳላፍር ብላ ልትኳል ነበር?

ግራ ዓይኗ የጠፋውም በእንዲህ ያለ ባክቴሪያ ከሆነ እሺ። ግን ባክቴሪያው ብቻውን አልነበረም፤ ጨዋነቷ ረድቶታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ለእኔ ያስተማረችኝ ራሷ ናት፤ የጥርሴን ሕመም ደብቄባት ጉንጬ ያበጠ ጊዜ። ለራሷ ሲሆን ግን አይሠራም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠዋት ሲነሡ «ደህና አደርሽ?» ብለው አይጠይቋት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» ትልዎታለች። ለእንግዳም ለሐኪምም የምትለው እሱን ነው፤ እግሯ ቢቆረጥም እሱን ነው የምትለው። እኔም ስንት ደብዳቤ «ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩ፤ እርስዎም እንዲሁ። ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ደግሞ አይመረመርም። እርስዎ «የት ላይ ያምሻል?» ብለው ይጠይቋት። «የትም» ብትል በማግስቱም ይጠይቋት። መቅላት፣ ሕመም፣ ብዥታ፣ ብርሃን መሸሽ፤ አንዷን እንኳ ካዩ ወደ ሐኪሙ ይሂዱ። ለእኔ መጻፍ ይቆይ።

ይህን ደብዳቤ ያንብቡላት። ማወቄንም ይንገሯት። ትቆጣዎታለች፤ ትቆጣ።

ልጅዎ ነስሪን


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለነስሪን፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ደህና ነን ብዬ አልጀምርም። የሆነውን በተራ ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ቃሌን በማፍረሴ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም፤ ምግቤን ግን አልከለከለችም። በሦስተኛው ቀን «እግሯ ቢቆረጥም ያለችው እኔን ነው?» አለች። «አንቺን ነው» አልኳት። «ባለጌ» አለችና ሳቀች። በሚቀጥለው ጁምዓ ሴቶቹ ሲመጡ በር ላይ ቆማ «ኩሉስ አለ፤ ግን የአንዳችን ዓይን ለአንዳችን አይሆንም» ብላ ነገረቻቸው። አንዳንዷ አኮረፈች። ጌጤ ግን «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? እኔ እኮ በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኔ አሳክኮኝ፣ አሳፍርሻለሁ ብዬ ነው የቀረሁት» አለቻት። ይኸው፣ ሰፈሩ ሁሉ አንድ በሽታ ነበረበት።

ሰኔ 5 ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። እኔ በር ላይ ቀረሁ። የነገረችኝን ነው የምነግርሽ፦ ፊቷን ጠርገው፣ ዓይኗ ውስጥ ቡናማ አዮዲን ጠብ አድርገው ጥቂት አቆዩት። ዶክተሩ «ይህች ናት ዘበኛዋ፤ ከገበያው ሰው አብዛኛውን ትበትነዋለች» አላት። የእኔን የገበያ ነገር ለካ ነግራው ነበር። ከዚያ ፊቷን በጨርቅ ሸፍነው ዓይኗን ብቻ ገለጡ። ቀዶ ሕክምና ላይ ተኝታም «ጨርቁ ጥሩ ጥጥ ነው» ማለቷን ሲስተር ፍቅርተ ነገረችኝ።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አየች። ቀስ ብላ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ቃኘችና እኔ ላይ ቆመች። «አርጅተሃል» አለችኝ። እጄንም እስከ ቤት አልለቀቀችውም።

ከሶላት በፊት በሚደረገው ትጥበት፣ በውዱእ ላይ ተቸግረን ነበር፤ ዶክተሩ ፊቷ ውሃ እንዳይነካው ብሏል። ኢማሙን ጠየቅሁ፤ ውሃው የሚጎዳት ከሆነ በንጹሕ አፈር የሚደረገው ተየሙም ይበቃታል አሉ። አሁን «እሳቸው ምን ቸገራቸው» አላለችም።

እንዳዘዝሽኝ ጠዋት ጠዋት «የት ላይ ያምሻል?» እላታለሁ። በመጀመሪያው ቀን «የትም» አለች። በሁለተኛው «ተው እንጂ፣ ሟርት አታድርግብኝ» አለች። በሦስተኛው ጠዋት ስጠይቃት ከመኝታዋ አልተነሣችም። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«የት ላይ?» አልኳት ደግሜ።

«ከውስጥ ነው» አለች። «ወደ ኋላ ይወጋኛል። መስኮቱንም ዝጋው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሱብሒ ሶላት በፊት።»

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

እሑድ ነበር። ጫማዬን ሳጠልቅ «ሐኪምም ሰው ነው፤ እሑድ ይረፍበት፣ ነገ እንሄዳለን» ማለት ጀምራ ነበር። ወጥቼ ባጃጅ ጠራሁ። መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዛ ነበር። እኔም የግራውን ዓይን እያሰብኩ ነበር፤ ያኔም በዚሁ መንገድ ነበር የሄድነው፣ ግን በስንተኛው ቀን።

ተረኛዋ ነርስ ደውላለት ዶክተር ታምራት መጣ። የሹራቡ አንድ እጅጌ ገና አልተጠለቀም ነበር። «ምን ሆናችሁ?» ሲል እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩ። አክስትሽ ቀደመችኝ።

«እኔን ነው» አለች። «ያመኛል።»

ነስሪን፣ አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። ልጅ ስታጣ፣ ግራ ዓይኗ ሲጠፋ፣ ክንዷ ሲሰበር አብሬያት ነበርኩ። ይህን ቃል ከአፏ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በመሣሪያው ብዙ አያት። «ባክቴሪያ ገብቶ ይሁን ዓይኑ ራሱ ተቆጥቶ፣ አሁን ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም» አለ። «እስኪለይ ግን አልጠብቅም።» ከዓይኑ ፈሳሽ ጥቂት ለምርመራ ቀድቶ፣ መድኃኒቱን እዚያው ዓይኗ ውስጥ በመርፌ ሰጣት። እጄን ስትጨብጠው ቀለበቴ ጣቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። እዚያው አስተኛት፤ እስከ ሐሙስ ጠዋትና ማታ አያት። ማክሰኞ መቅላቱ ረገብ አለ። ረቡዕ መስኮቱን ክፈቱልኝ አለች። ምን እንደነበረ ምርመራውም ለይቶ አልነገረንም። ስንወጣ ዶክተሩን «ሰኞ ብንመጣ ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ነቀነቀና «ደግ ነገር አልነግራችሁም ነበር» አለ።

አሁን ታያለች። እንደ ወጣትነቷ አይደለም፤ ዶክተሩም ጥቂት እንደቀነሰባት አልደበቀንም። ግን ሱቅ ውስጥ ደንበኛውን ገና ከማዶ ታውቀዋለች፤ ዋጋ የሚከራከረውን ከሩቅ አይታ ጓዳ ትገባለች።

አንድ ያላሰብነው ነገር ግን መጣ። ያችን ቃል አንድ ጊዜ ካወጣቻት ወዲህ መመለሻ አጣንላት። ባጃጁ ወገቧን አሳመማት። ፍራሹ ጎኗን አሳመማት። እኔ ሳንኮራፋ ጭንቅላቷን ያማታል፤ ለካ ከተጋባን ጀምሮ ያማት ነበር። ትናንት «ይህን ሁሉ የት አስቀምጠሽው ነው?» ብላት፣ «ሌላም አለ፤ ቀስ እያልኩ አወጣልሃለሁ» አለችኝ።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል «ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ።

«ደህና ናት ብዬ ልጨርስ ነው።»

«ደህና ናት ብለህ እንዳትጽፍ። ጉልበቷን ያማታል ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ጉልበቷን ያማታል። አሁን ከጀርባዬ ቆማ፣ አንገቷን አስግጋ፣ እያንዳንዱን ፊደል በቀስታ እየለቀመች ታነበዋለች። «ወገቧንም ጨምርበት» ብላኛለች።

ወገቧንም ያማታል።

አጎትሽ ሱልጣን